መጽሐፉ ይቅደም ወይስ ፊልሙ? ስለ አንድ ልብ ሰቃይ ልብ ወለድ ከኢስትሊ የቀረበ ሒስ

ልብ ሰቃይ ልብ ወለድ በመምህራን ዘንድ እምብዛም ክብር የለውም። አንድ ተማሪ የወንጀል ምርመራ ወይም የስለላ ታሪክ ከደብተሩ ሥር ደብቆ ሲያነብ ያገኘነው እንደ ሆነ «ይህ ጊዜ ማባከኛ ነው» ብለን መጽሐፉን እንቀማዋለን። ነገሩን ረጋ ብለን ስንመረምረው ግን ፍርዳችን ትክክል ሆኖ አናገኘውም። አቶ ማሞ ውድነህ የስለላ መጻሕፍትን ወደ አማርኛ እየመለሱ ባቀረቡበት ዘመን ብዙ ወጣቶች የንባብን ጣዕም የለዩት በእነዚያ መጻሕፍት ነበር። በዓሉ ግርማም በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ለአንባቢ ሲያቀርብ የአሥመራን ጉዳይ ያሳየን በስለላና በሴራ ክር ሰፍቶ ነው። አንባቢው «ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን?» እያለ ገጹን ሲገልጥ የዘመኑን ታላቅ ጥያቄም አብሮ ይገልጥ ነበር። ስለዚህ ልብ መስቀል በራሱ ነውር አይደለም። ሊጠየቅ የሚገባው ደራሲው ልባችንን ከሰቀለው በኋላ ምን አሳየን የሚለው ነው።

ዛሬ ተማሪዎቻችን ልብ ሰቃይ ታሪክ የሚያገኙት በአብዛኛው ከፊልም ነው። በናይሮቢ ከተማ በኢስትሊ ሰፈር የምንኖር እኛ መምህራን ይህን በየዕለቱ እናያለን። ወደ ፊልም የተለወጠ ልብ ወለድ ጠቅሰን «አንብባችሁታል?» ብለን ስንጠይቅ፣ የምናገኘው መልስ «ፊልሙን አይተነዋል» የሚል ነው። ለመሆኑ ፊልሙን ማየት መጽሐፉን እንደ ማንበብ ይቆጠራልን? በእኛ አስተያየት አይቆጠርም። ሁለቱንም ማግኘት የሚችል ሰው ደግሞ መጽሐፉን ቢያስቀድም ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። መጽሐፉን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ፊልሙን ሲያይ የሚፈርድበት የራሱ ሥዕል አለው፤ ፊልሙን አስቀድሞ ያየ ሰው ግን መጽሐፉን የሚያነበው በሌላ ሰው ዓይን ነው። ይህን አሳባችንን ለማስረዳት የምንወስደው ምሳሌ ታሪኩ እዚሁ በናይሮቢ ተጀምሮ እስከ ቱርካና ሐይቅ የሚዘልቀውን የጆን ለ ካሬን ልብ ወለድ ነው።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ «ዘ ኮንስታንት ጋርድነር» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ስንመልሰው «ጽኑው አትክልተኛ» እንደ ማለት ነው። የታተመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ሲሆን፣ ፊልሙ የወጣው ከአራት ዓመት በኋላ በ2005 ነው። ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ የተለየ ምልክት ካላደረግንባቸው በቀር በዚሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የደራሲው እውነተኛ ስም ዴቪድ ኮርንዌል ነው። በ1931 ተወልዶ በ2020 ያረፈ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ በአገሩ የስለላ ድርጅቶች ውስጥ አገልግሏል። ለእኛ ለመምህራን ደስ የሚለን ደግሞ ወደዚያ ሥራ ከመግባቱ በፊት በኢተን ትምህርት ቤት የቋንቋ መምህር የነበረ መሆኑ ነው። ስሙን በዓለም ያስጠራለት በ1963 የታተመው የቀዝቃዛው ጦርነት የስለላ ልብ ወለዱ ነው። ያ ጦርነት ካበቃ በኋላ ግን ዓይኑን ከሰላዮች ወደ ታላላቅ የንግድ ድርጅቶች አዞረ። «ጽኑው አትክልተኛ» የዚህ የኋለኛው ዘመን ፍሬ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በአንድ ሰኞ ጧት በናይሮቢ የብሪታንያ ከፍተኛ ኮሚሽን ውስጥ ነው። ቴሳ ክዌል የተባለች ወጣት እንግሊዛዊት በቱርካና ሐይቅ አጠገብ ተገድላ እንደ ተገኘች ወሬ ይደርሳል። ሾፌሩም አብሯት ተገድሏል። አብሯት ሲጓዝ የነበረው አርኖልድ ብሉም የተባለው አፍሪካዊ ሐኪም የት እንደ ገባ አይታወቅም። ባልዋ ጀስቲን አበባ መኮትኮት የሚወድ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ በሥራውም ከፍ ያለ ቦታ የሌለው ዲፕሎማት ነው። ከተማው «ከሐኪሙ ጋር ነበረች፤ የገደላትም እሱ ነው» እያለ ያማል። ቴሳ ግን ከመሞቷ በፊት በድኾች ላይ ስለሚሞከር አንድ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ማስረጃ ስትሰበስብ ነበር። ይህ ሰላማዊ አትክልተኛ ሚስቱ የጀመረችውን ምርመራ ለመጨረስ ይነሣል። ከዚህ ወዲያ ያለውን አንነግርም። የልብ ሰቃይ ልብ ወለድን መጨረሻ አስቀድሞ የሚያወራ ሐያሲ የአንባቢን ደስታ የሚሰርቅ ነውና።

የመጽሐፉ የመጀመሪያው ትልቅ ብልኀት ታሪኩን በማን ዓይን እንደምናይ የተመረጠበት መንገድ ነው። ሌላ ደራሲ ቢሆን ኖሮ ሐዘንተኛውን ባል ወይም መርማሪ ፖሊሱን ከፊት ባስቀደመ ነበር። ለ ካሬ ግን የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች በአብዛኛው የሰጠው ለሳንዲ ዉድሮው ነው። ዉድሮው የጀስቲን አለቃ ነው፤ ባለትዳርና የልጆች አባት ነው፤ ቴሳን ግን በስውር ይመኛት ነበር፤ በእጁ የጻፈው አደገኛ ደብዳቤም የት እንዳለ አያውቅም። ሮብና ሌስሊ የተባሉ ሁለት ወጣት መርማሪዎች ከለንደን መጥተው ሲጠይቁት አንባቢው በአንድ ጊዜ ሁለት ድምፅ ይሰማል። አንዱ ዉድሮው ለፖሊሶች የሚናገረው ነው፤ ሁለተኛው በልቡ የሚያስበው ነው። ሁለቱ አይገናኙም። ሰውየው ግልጽ ውሸት የሚናገርበት ጊዜ አለ፤ ግማሹን እውነት ብቻ የሚናገርበት ጊዜ አለ፤ እውነት ተናግሮም ሐሳቡ ሌላ የሆነበት ጊዜ አለ። በእነዚያ ገጾች ላይ የተኩስ ድምፅ የለም፤ የመኪና እሽቅድድም የለም፤ ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው ከመነጋገር በቀር የሚያደርጉት ነገር የለም። ይሁን እንጂ መጽሐፉን ለማስቀመጥ እጅ እንቢ ይላል።

ይህ ለምን ሆነ? አንባቢው መርማሪ ስለ ሆነ ነው። ደራሲው ማስረጃውን ቆራርሶ ይሰጠናል፤ መግጠሙ የእኛ ሥራ ነው። አንድ ቃል ከሦስት ምዕራፍ በኋላ ሌላ ትርጉም ይይዛል፤ ወደ ኋላ ገልጠን «እንዲህ ብሎ አልነበረምን?» እንላለን። ወደ ኋላ መግለጥ መቻል የመጽሐፍ ትልቅ ጸጋ ነው። በፊልም አዳራሽ የተቀመጠ ተመልካች ሥዕሉ ጥሎት እንዳይሄድ ይከተላል እንጂ ቆም ብሎ ለማመዛዘን ፋታ አያገኝም።

ሁለተኛው ብልኀት ከሟቿ ጋር የተያያዘ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ቴሳ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የለችም። የምናውቃት በሰዎች ትዝታ፣ በወሬ፣ በወረቀትና በደብዳቤ ብቻ ነው። ዉድሮው የሚያስታውሳት ቴሳ ሌላ ናት፤ የጀስቲን ቴሳ ሌላ ናት፤ የሐሜተኞቹ ቴሳም ሌላ ናት። ስለዚህ ምሥጢሩ ሁለት ይሆናል። አንደኛው «ማን ገደላት?» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛውና የሚከብደው «ይህች ሴት ማን ነበረች?» የሚለው ነው። ጀስቲን ሚስቱን በሚገባ የሚያውቃት ካጣት በኋላ ነው፤ እኛም ከእሱ ጋር እንማራታለን። የመጽሐፉ ፍቅር ያለው በዚህ ውስጥ ነው።

ፊልሙ ይህን እንዳለ ማድረግ አልቻለም። ቴሳን ሬቸል ቫይስ፣ ጀስቲንን ሬይፍ ፋይንስ ሠርተዋቸዋል። ታሪኩ በአውሮፕላን ማረፊያ ስንብት ይጀምርና ግድያውን ካሰማን በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ የሁለቱን መተዋወቅ ያሳየናል። ቴሳ ለረጅም ጊዜ በሕይወት ከፊታችን ናት፤ ስትስቅ፣ ስትከራከር፣ ስታረግዝ እናያታለን። ተዋናይቷ በዚህ ሥራዋ በ2006 የኦስካር ሽልማት ማግኘቷ የሚገባት ነው። ሆኖም በዓይናችን ያየናትን ሴት በሰው ወሬ አንጠራጠራትም። ፊልሙ ባልዋን እንዲጠራጠር ቢያደርገውም እኛን ግን እንደ መጽሐፉ አድርጎ አያስጨንቀንም። ይህን የምንለው ዳይሬክተሩን ለመውቀስ አይደለም። የፊልም መሣሪያው ፊት ነው፤ የሌለች ሴት ፊት ደግሞ አይታይም።

ቀድሞ የገባ ነገር ከአእምሮ እንደማይወጣ ለማስረዳት ከራሳችን ሥነ ጽሑፍ ምሳሌ እንጥቀስ። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው። ትረካው ድንቅ ነበር፤ ማንበብ ለማይችለው ሕዝብም መጽሐፉን በየቤቱ አድርሶለታል። ነገር ግን ትረካውን ሰምቶ በኋላ መጽሐፉን ያነበበ ሰው ፊታውራሪ መሸሻ በተናገሩ ቁጥር የወጋየሁን ድምፅ ይሰማል። መጽሐፉን ቀድሞ ያነበበ ሰው ደግሞ የራሱን ፊታውራሪ ፈጥሮ ነበርና ትረካውን ሲሰማ «እዚህ ላይ ከእኔ ይሻላል፤ እዚህ ላይ ግን እኔ እንዲህ አላሰብሁም» ይላል። ሁለቱም ተደስተዋል፤ ያመዛዘነው ግን ሁለተኛው ነው። ፊልም ድምፅን ብቻ ሳይሆን ፊትን፣ ልብስን፣ ቤትንና መንገድን አንድ ላይ ይዞ ስለሚመጣ ኀይሉ ከዚህም ይበልጣል።

አሁን ደግሞ የመጽሐፉን ጉድለት እንናገር፤ ምስጋና ብቻ ሒስ አይባልምና። መጀመሪያ፣ መካከሉ ይረዝማል። ጀስቲን ከናይሮቢ ወደ ለንደን፣ ከዚያ ወደ ኢጣልያ ደሴት፣ ወደ ጀርመን፣ እስከ ካናዳም ድረስ ይሄዳል። በየደረሰበት ቦታ አንድ አዋቂ ሰው ተቀምጦ ስለ መድኃኒቱ ድርጅት ረጅም ማብራሪያ ይሰጠዋል። ጥድፊያው እዚህ ላይ ይረግባል፤ ልብ ወለዱም አልፎ አልፎ የክስ ማመልከቻ ይመስላል። የፊልሙ ጽሑፍ አዘጋጅ ጄፍሪ ኬን የካናዳውን ጉዞ ቆርጦ ጥሎታል፤ መልካም አድርጓል እንላለን። በዚህ በኩል ፊልሙ ከመጽሐፉ ይልቅ ይሮጣል።

ሁለተኛው ጉድለት ከበድ ይላል። ታሪኩ በኬንያ ድኾች ላይ ስለ ተፈጸመ በደል ነው፤ የኬንያ ድኾች ግን በመጽሐፉ ውስጥ ብዙ አይናገሩም። መድኃኒቱ የተሞከረባት ዋንዛ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና እናያታለን እንጂ ስትናገር አንሰማትም። ሾፌሩ ስም አለው፤ ታሪክ ግን የለውም። የሚመረምሩት፣ የሚያዝኑትና የሚጸጸቱት በአብዛኛው አውሮፓውያን ናቸው። ለ ካሬ በቅን ልብ እንደ ጻፈ አንጠራጠርም፤ ነገር ግን በናይሮቢ የሚኖር አንባቢ «ይህ ታሪክ በዋንዛ ወንድም አፍ ቢነገር ምን ይመስል ነበር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ደግሞም መጠየቅ አለበት።

የብራዚሉ ዳይሬክተር ፈርናንዶ ሜይሬሌስ ይህን ጉድለት በሥዕል ለመሙላት የሞከረ ይመስለናል። ፊልሙ የተቀረጸው በኬንያ ምድር፣ በኪቤራና በቱርካና ሐይቅ ዳር ባለችው በሎያንጋላኒ ጭምር ነው። ካሜራው በእጅ ተይዞ በቆርቆሮ ቤቶች መካከል ሲሮጥ፣ የሰፈሩ ሰው ዝም ብሎ ያለፈ ሕዝብ ሆኖ አይታይም፤ እያንዳንዱ ፊት ይታያል። የኬንያዊው የአዩብ ኦጋዳ ዜማም ይሰማበታል። በተለይ አንድ ትዕይንት ከአእምሮ አይጠፋም። ቴሳ የሟቿን ዘመዶች በመኪና ወደ ቤታቸው እናድርሳቸው ትላለች፤ ጀስቲን ግን ችግረኛው ብዙ ስለሆነ ሁሉን መርዳት አንችልም ብሎ ያልፋቸዋል። ወደ ኋላ ግን ራሱ ጀስቲን አንድን ሕፃን ለማዳን ሲለምን፣ የገዛ ራሱን መልስ ከሌላ ሰው አፍ ይሰማል። ይህ በሥዕል የተነገረ ትልቅ ትምህርት ነው። ቀራጮቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ በኪቤራና በሎያንጋላኒ አካባቢ ትምህርትን የሚረዳ የበጎ አድራጎት ማኅበር ማቋቋማቸውም ሊነገርላቸው ይገባል።

«መጽሐፉን አስቀድሜ ካነበብሁ መጨረሻውን ስለማውቀው ፊልሙ ይሰለቸኛል» የሚሉ አሉ። ይህ ብዙ ጊዜ የምንሰማው መከራከሪያ ነው፤ መልስ ግን አለው። የፍሬዴሪክ ፎርሳይዝን «ዘ ዴይ ኦፍ ዘ ጃካል» እንውሰድ። መጽሐፉ የታተመው በ1971 ሲሆን፣ አንድ ቅጥረኛ ነፍሰ ገዳይ የፈረንሳዩን መሪ ዠነራል ደ ጎልን ለመግደል ሲዘጋጅ ያሳያል። ደ ጎል በ1970 በቤታቸው በሕመም እንዳረፉ ያን ጊዜ የማያውቅ አንባቢ አልነበረም። ነፍሰ ገዳዩ እንዳልተሳካለት ሁሉም ያውቃል። ሆኖም በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው መጽሐፉን በጥድፊያ አነበበው፤ በ1973 የወጣውንም ፊልም እንዲሁ በጉጉት አየው። ስለዚህ ልብ የሚሰቀለው «ምን ይሆናል?» በሚለው ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ «እንዴት ይሆናል?» የሚለውም ልብ ይሰቅላል። መጨረሻው ሲታወቅ የሚሞት ታሪክ ቀድሞም ቢሆን ነፍስ አልነበረውም ማለት ነው።

«ጽኑው አትክልተኛ»ን ያነበበ ሰው ፊልሙን ሲያይ የማይሰለችበት ሌላ ምክንያትም አለ። ፊልሙ ከመጽሐፉ የተለየ መደምደሚያ አለው። በመጽሐፉ ውስጥ በሌለ በአንድ የአደባባይ ትዕይንት ይዘጋል። ትዕይንቱ ምን እንደሆነ አንነግርም፤ ነገር ግን ሁለቱን ያወዳደረ ተማሪ «ፍርድ የት ይገኛል?» በሚለው ጥያቄ ላይ ደራሲውና ዳይሬክተሩ እንዳልተስማሙ ያስተውላል። አንዱ ተመልካቹን አጽናንቶ ወደ ቤቱ ይልከዋል፤ ሌላው አንባቢውን ሳያጽናና ይተወዋል። የቱ እውነት ነው? የቱስ ይበልጥ ይጠቅማል? በዚህ ላይ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ መከራከር ይቻላል።

ይህ ሁሉ በኢስትሊ ለምንኖር ሰዎች ከሥነ ጽሑፍ ጣዕም ያለፈ ጉዳይ አለው። ሰፈራችን ራሱ የልብ ሰቃይ ፊልም መድረክ ሆኗልና። በ2015 የወጣው፣ ጋቪን ሁድ ያዘጋጀው «አይ ኢን ዘ ስካይ» የተባለው ፊልም ታሪኩ የሚፈጸመው በኢስትሊ ነው። ሰው አልባ አውሮፕላን ከሰማይ ሆኖ አንድ ቤት ይጠብቃል፤ በቤቱ ውስጥ አጥፍቶ ጠፊዎች ይዘጋጃሉ፤ ከግንቡ ውጭ አንዲት ትንሽ ልጅ ዳቦ ትሸጣለች። ሚሳይሉ ይተኮስ ወይስ አይተኮስ? የተነሣው ጥያቄ ከባድና ተገቢ ነው፤ ተዋንያኑም ብርቱዎች ናቸው። ልብ ይሰቅላል ቢባል ይሰቅላል።

ነገር ግን በሥዕሉ ላይ የሚታየው ኢስትሊ የእኛ ኢስትሊ አይደለም። ፊልሙ የተቀረጸው በደቡብ አፍሪካ ነው። የታጠቁ ሰዎች መንገዱን ሲቆጣጠሩ ይታያል፤ እንዲህ ያለ ነገር በኢስትሊ ሆኖ አያውቅም። በሥዕሉ ውስጥ አንደኛ ጎዳና የለም፤ የጋሪሳ ሎጅ ሱቆች የሉም፤ ጨርቅ የተሸከመ ጋሪ ገፊ የለም፤ የሶማልኛ፣ የኦሮምኛ፣ የአማርኛና የስዋሂሊ ድምፅ የተቀላቀለበት ገበያ የለም፤ እንጀራና ቡና የሚሸጥበት የሐበሻ ቤት የለም። እንዲሁም የደንብ ልብሱን ለብሶ መጽሐፉን በክንዱ ሥር ይዞ የሚሄድ ተማሪ የለም። ፊልሙ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሚያዝያ 2014 ፖሊስ ባካሄደው ዘመቻ ከዚህ ሰፈር ብዙ ሺህ ሰዎች ተይዘው፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ ወደ ካሳራኒ ስታዲየም ተወስደው እንደ ነበር የምናስታውስ ሰዎች፣ ስለ ሰፈራችን የሚሣል ሥዕል ዋጋ እንዳለው እናውቃለን። ሩቅ ያለ ሰው ኢስትሊን የሚያውቃት በዚያ ሥዕል ነው፤ ከዚያ በፊት ያነበበው መጽሐፍ የለውምና የሚያመሳክርበት ነገር የለም። «አይ ኢን ዘ ስካይ» ከልብ ወለድ የተወሰደ አይደለም፤ በቀጥታ ለፊልም የተጻፈ ነው። ተመልካቹ ሰፈሩን ብዙ ጊዜ የሚያየው ከላይ፣ በአውሮፕላኑ ዓይን ነው። «ዓይን ያያል፤ ልብ ይፈርዳል» ይላሉ አበው። ልብ አስቀድሞ ምንም ካልያዘ ግን በምን ይፈርዳል?

ወደ «ጽኑው አትክልተኛ» ጭብጥ ስንመለስ ነገሩ ወደ ቤታችን ይገባል። የመጽሐፉ ማዕከል «ሰው ሳይረዳው የሰጠው ፈቃድ ፈቃድ ይባላልን?» የሚል ጥያቄ ነው። ይህ የደራሲ ፈጠራ ብቻ አይደለም። በ1996 በናይጄሪያ በካኖ ከተማ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ፋይዘር የተባለው የመድኃኒት ድርጅት ትሮቫን የተባለውን መድኃኒት በ200 ሕፃናት ላይ ባደረገው ጥናት ሞክሯል። ግማሾቹ አዲሱን መድኃኒት፣ ግማሾቹ ሌላ የታወቀ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ከሁለቱም ወገን በድምሩ 11 ሕፃናት ሞቱ። ብዙ ወላጆች ሙከራ መሆኑ አልተነገረንም አሉ። ድርጅቱ ጥፋት የለብኝም፣ ፈቃድም ተቀብያለሁ ብሎ ተከራከረ፤ በ2009 ግን ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አደረገ። ክርክሩ በአብዛኛው በአንድ ነጥብ ላይ ነበር፤ ይኸውም ለወላጆቹ ምን ተነገራቸው፣ እነሱስ ምን ተረዱ? የሚል ነው።

ከኢትዮጵያ በሞያሌ በኩል ወደ ናይሮቢ የገባ ወገናችን በመጀመሪያዎቹ ወራት በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ የተጻፈ ስንት ወረቀት ይፈርማል! የቤት ኪራይ ውል አለ፤ የሥራ ውል አለ፤ የክሊኒክ ወረቀት አለ። ብዙ ጊዜ ወረቀቱን ለወላጆቹ የሚያነብላቸው ተማሪው ልጅ ነው። ያ ልጅ «የተናገረውና ያሰበው አንድ ነውን? ያልተጻፈውስ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅን ከየት ይማራል? ከሕግ መጽሐፍ እንዳንል ገና አልደረሰበትም። የዉድሮውን ቃል ከዉድሮው ሐሳብ ጋር እያስተያየ ብዙ ገጽ የተጓዘ ልጅ ግን ይህን ልማድ እየተደሰተ ይማረዋል። ልብ ሰቃይ ልብ ወለድን ከደብተር ሥር አውጥተን ከጠረጴዛ ላይ እናስቀምጠው የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለመምህራን ጓደኞቻችን የሚከተለውን አሠራር እናቀርባለን። መጽሐፉ የግፍ ግድያና የአዋቂ ሰዎች ጉዳይ ስላለበት ለከፍተኛ ክፍሎች እንጂ ለዝቅተኞቹ አይስማማም። እንግሊዝኛውም የዲፕሎማቶች አነጋገር ስለሚበዛበት ይከብዳል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች በክፍል ውስጥ ድምፅ አሰምቶ ማንበብ ይጠቅማል። ተማሪዎች ደብተራቸውን ለሁለት ከፍለው በአንድ በኩል ዉድሮው ለመርማሪዎቹ የተናገረውን፣ በሌላው በኩል በልቡ ያሰበውን ይጻፉ። ምርመራው ሲያበቃ መጽሐፉን ዘግተው «ጥፋተኛው ማን ይመስላችኋል? ማስረጃችሁስ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ እያንዳንዱ በአንድ ገጽ መልሱን አስፍሮ ለመምህሩ ይስጥ። ወረቀቱ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ተቀምጦ ይቆይ።

በዚህ መካከል የጂኦግራፊ መምህሩ ይርዳን። ካርታ ተዘርግቶ ከናይሮቢ ወደ ሰሜን እስከ ቱርካና ሐይቅ ያለው መንገድ ይታይ። የሐይቁ አብዛኛው ውኃ ከኦሞ ወንዝ የሚመጣ መሆኑን፣ ሰሜናዊ ጫፉም ኢትዮጵያን የሚነካ መሆኑን ተማሪው ሲያይ፣ ቴሳ የሞተችበት ዳርቻ ከአገሩ ውኃ ጋር የተገናኘ መሆኑን ያስተውላል። መጽሐፉ ካለቀ በኋላ ፊልሙ ይታይ። ከዚያም እያንዳንዱ ተማሪ ፊልሙ የለወጣቸውን ሦስት ነገሮች መርጦ ለምን እንደ ተለወጡና ለውጡ ታሪኩን እንደ ጠቀመው ወይም እንደ ጎዳው ይጻፍ። ለአብነት ያህል፣ በፊልሙ ቴሳ ከጀስቲን ጋር ስትተዋወቅ ስለ ኢራቅ ጦርነት ትከራከረዋለች። ጦርነቱ የተጀመረው በ2003 ነውና በ2001 በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ሊኖር አይችልም። ፊልም ሠሪዎቹ ለምን አስገቡት? ይህን የሚመልስ ተማሪ የሁለት ጥበቦችን ልዩነት ብቻ ሳይሆን የዘመንን ተጽዕኖም ያውቃል።

መጽሐፉን ለማግኘት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በናይሮቢ መካከለኛ ከተማ በእግረኛ መንገድ ላይ በሚነጠፉት አሮጌ መጻሕፍት መካከል ጎንበስ ብሎ የፈለገ ሰው የለ ካሬን ሥራዎች ማግኘቱ አይቀርም። አንድ ቅጂ ለአንድ ክፍል ይበቃል፤ ተራ በተራ ይነበባል። ተራውን የሚጠብቀው ተማሪ «ቀጥሎ ምን ሆነ?» እያለ ጓደኛውን ሲጨቀጭቅ መስማት ለመምህር ትልቅ ደስታ ነው። ተማሪዎችንም የምንመክረው ይህንኑ ነው። የፊልሙን ቸርነትም የመጽሐፉን ጭካኔም ሁለቱንም ቅመሱ፤ ነገር ግን ቴሳን መጀመሪያ በራሳችሁ ልብ ሣሏት፤ ሬቸል ቫይስ በኋላ ትደርስላችኋለች።